ሰለሞን ካርተር ፉለር፦ ከአልዛይመር ጋር የሠሩት፣ ለመርሳት በሽታ የቸኮለ መልስ ያልተቀበሉት አፍሪካዊ ሐኪም

ኬንያና ኢትዮጵያ በሚዋሰኑባት በሞያሌ ከተማ ዙሪያ የሚኖሩ የቦረና አዛውንቶች ብዙ ነገር በቃላቸው ይዘው ኖረዋል። የአባ ገዳዎች ስምና ዘመን፣ የጎሳዎች የዘር ሐረግ፣ የውኃ ጉድጓዶች ባለቤትነት፣ ያለፉ ድርቆችና ጦርነቶች ታሪክ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በዋናነት ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። በእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ትውስታ የግል ሀብት ብቻ ሳይሆን የጋራ መዝገብ ጭምር ነው።

ስለዚህም አንድ አዛውንት የልጆቻቸውን ስም መሳት፣ የተናገሩትን ደጋግመው መናገር፣ የለመዱትን መንገድ ማጣት ሲጀምሩ የሚጎድለው ብዙ ነው። ይሁንና በሞያሌም ሆነ በናይሮቢ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ አንድ ዓይነት ነው። አርጅተዋል፣ ጃጅተዋል ይባላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው መርሳት ዕድሜ የሚያመጣው የማይቀር ዕጣ ነው ወይስ የአንጎል ሕመም? ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ጥያቄ ይዘው ማይክሮስኮፕ ሥር ከጎነበሱት ጥቂት ሐኪሞች አንዱ በአፍሪካ ምድር የተወለዱ ነበሩ። ሰለሞን ካርተር ፉለር ይባላሉ። በሽታው ስሙን ካገኘበት ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ጎን ሠርተዋል፤ ግኝቱንም ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቁት እርሳቸው ናቸው። ስማቸው ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረስቶ ቆይቷል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጻነታቸውን በገንዘብ የገዙት አያት

የፉለር ቤተሰብ ታሪክ የሚጀምረው በአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት ነው። አያታቸው ጆን ሉዊስ ፉለር በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሠርተው ባገኙት ገንዘብ ነጻነታቸውን ገዙ። በ1852ም ቤተሰባቸውን ይዘው ውቅያኖስ ተሻግረው በምዕራብ አፍሪካ ላይቤሪያ ሰፈሩ። ላይቤሪያ በወቅቱ ነጻነቷን ካወጀች ገና አምስት ዓመቷ ነበር።

ሰለሞን ካርተር ፉለር ኦገስት 11 ቀን 1872 በሞንሮቪያ ተወለዱ። አባታቸው የቡና እርሻ ባለቤትና የመንግሥት ሹም ነበሩ። የእናታቸው ወላጆች ደግሞ ሕክምናንና የሚሲዮን አገልግሎትን አጣምረው ይሠሩ ነበር። ሕፃኑ የሕክምናን ሙያ ያወቀው ከዚሁ ቤት ነው።

በ1889 ወጣቱ ፉለር አያቱ ትተውት ወደ ሄዱት አገር ተመለሰ። በሰሜን ካሮላይና ሳልዝበሪ ከተማ በሚገኘው፣ ለጥቁር ተማሪዎች በተቋቋመው ሊቪንግስተን ኮሌጅ ገብቶ በ1893 ተመረቀ። ከዚያም ወደ ሰሜን ተጉዞ በ1897 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት በሐኪምነት ወጣ። ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመት ያለፈው በመሆኑ፣ ጥቁር ሐኪም ማግኘትም ሆነ ጥቁር ሐኪም ሆኖ ሥራ ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ከዌስትቦሮ እስከ ሙኒክ

ዶክተር ፉለር ሥራ የጀመሩት በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የዌስትቦሮ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። እዚያም የሞቱ ሕሙማንን አካል እየመረመሩ የሕመምን ምክንያት የሚፈልጉ የፓቶሎጂ ባለሙያ ሆኑ። ከ1899 ጀምሮ ደግሞ በተማሩበት የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ።

በዚያ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ተብለው የተሠሩት ሕንፃዎች በአብዛኛው ሰውን ከዓይን ማራቂያ ነበሩ። ፉለር ግን እያንዳንዱ ሕመም በአንጎል ውስጥ የሚተወው አሻራ ሊኖር ይችላል በሚል እምነት የአንጎል ቁራጮችን በጥንቃቄ ማጥናት ያዙ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕውቀት በብዛት የነበረው በጀርመን ነበር። ስለዚህ በ1904 ወደ ሙኒክ አቀኑ።

በሙኒክ የነበረውን የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ይመሩ የነበሩት በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር የነበሩት ኤሚል ክሬፔሊን ሲሆኑ፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ አሎይስ አልዛይመር ነበሩ። አልዛይመር በቤተ ሙከራቸው እንዲሠሩ ከመረጧቸው አምስት የውጭ አገር ሐኪሞች አንዱ ፉለር ሆኑ።

ፉለር ሙኒክ በነበሩበት ጊዜ የአልዛይመር በሽታ የሚባል ስም አልነበረም። አልዛይመር በ1901 በፍራንክፈርት ያገኟት ኦገስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት በሕይወት ነበረች። ይህች ሴት ስሟን ለመጻፍ ትቸገር፣ ባሏን ትጠራጠር፣ ያለችበትን ቦታ ትስት ነበር። በኤፕሪል 1906 ስትሞት አንጎሏ ወደ ሙኒክ ተላከ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3 ቀን አልዛይመር ያዩትን በቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡ ሐኪሞች አቀረቡ። ክሬፔሊን በ1910 ባሳተሙት የመማሪያ መጽሐፍ ለሕመሙ የባልደረባቸውን ስም ሰጡት።

ፉለር በዚያን ጊዜ ወደ ዌስትቦሮ ተመልሰው ነበር። ይዘውት የተመለሱት ግን በአሜሪካ ጥቂቶች ብቻ የነበራቸውን ሙያ ነው።

በብር የታየው አሻራ

ሙያው እንዲህ ነበር። ከአንጎል ላይ እጅግ ስስ ቁራጭ ይወሰዳል። ከዚያም የብር ጨው ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል። ብሩ በነርቭ ሴሎች ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ክሮች ላይ ሲጣበቅ ጠቁረው ይታያሉ። በኦገስተ ዴተር አንጎል ውስጥ ሁለት ነገሮች የታዩት በዚህ መንገድ ነው። አንደኛው በሴሎቹ ውስጥ ተጠማዝዘው የተወሳሰቡ ክሮች ናቸው። ሁለተኛው ከሴሎቹ ውጭ እንደ ነጠብጣብ የተበተኑ ክምችቶች ሲሆኑ፣ ዛሬ ፕላክ ይባላሉ።

ፉለር በ1907 ባሳተሙት ጥናት በእርጅና የመርሳት ሕመምና በሌሎች ሕመሞች በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ያዩአቸውን የነርቭ ክሮች ለውጥ ዘረዘሩ። በ1911 ደግሞ በአዛውንቶች አንጎል ውስጥ ስለሚገኙት ፕላኮች ጻፉ። ከሁሉም የላቀው ሥራቸው የወጣው በ1912 ነው። በሁለት ክፍል በታተመው በዚህ ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ በዓለም የታወቁትን የሕመሙን ታሪኮች ሰብስበው መረመሩ፤ ራሳቸው ያጠኑትን አንድ ታካሚ ጨመሩ፤ የኦገስተ ዴተርንም ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ መለሱ።

የጽሑፉ ትልቁ ዋጋ ግን በጥንቃቄው ላይ ነው። በጊዜው ብዙ ሐኪሞች የአዛውንቶችን መርሳት የሚያመጣው የደም ሥሮች መጠጠር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፉለር ይህ በቂ ማብራሪያ እንዳልሆነ አሳዩ። ከዚያም አልፈው መምህራቸው ያገኟቸውን ምልክቶች ጭምር በጥያቄ ዓይን ተመለከቱ። ፕላኩም ሆነ የተወሳሰበው ክር በሌሎች የእርጅና ሕመሞች የሚገኝ ከሆነ፣ ለብቻው ስም የተሰጠው ሕመም በእርግጥ ራሱን የቻለ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ አነሱ። በማይክሮስኮፕ የሚታይ አሻራ የሕመሙ መንስኤ ሊሆን ይችላል፤ ሕመሙ አልፎ የተወው ፍርስራሽም ሊሆን ይችላል። ፉለር ማስረጃው ከሚለው አልፈው አልሄዱም።

ማዕረግ ያልተሰጠው ሥራ

ፉለር በ1909 ሜታ ዋሪክን አገቡ። ሜታ በፓሪስ የተማሩ፣ ሥራቸውን ለታላቁ ቀራፂ ለኦገስት ሮዳን ያሳዩና አድናቆት ያተረፉ ቀራፂ ነበሩ። ጥንዶቹ በማሳቹሴትስ ፍሬሚንግሃም ከተማ ቤት ሲሠሩ አንዳንድ ነጭ ጎረቤቶች እንዳይገቡ ፊርማ አሰባሰቡ። እነርሱ ግን ቤታቸውን ሠርተው ሦስት ወንዶች ልጆች አሳደጉበት፤ ኖረውበትም አረጁ።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይህ ቤት ሌላም ትዝታ አለው። ሜታ ፉለር በ1921 በኒው ዮርክ ለተካሄደ ዐውደ ርዕይ ያቀረቡት ቅርፅ ስሙ ኢትዮጵያ ነው። ከወገቧ በታች እንደ ጥንት ግብፅ አስከሬን በጨርቅ የተጠቀለለች ሴት ከላይ ነቅታ ቀና ስትል ያሳያል። በቅኝ ግዛት ዘመን ነጻነቷን ጠብቃ የኖረች አገር ስም፣ ለአሜሪካ ጥቁሮች የመንቃት ምልክት ነበር።

በዚያው በ1909 ሲግመንድ ፍሮይድና ካርል ዩንግ በማሳቹሴትስ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ንግግር ሲያደርጉ ፉለር ከተጋበዙት መካከል ነበሩ። በወቅቱ በተነሳው ዝነኛ የቡድን ፎቶግራፍ ላይም ይታያሉ።

በ1919 ዌስትቦሮን ለቀው ሙሉ ትኩረታቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲው አደረጉ። በአላባማ ግዛት ተስኪጊ ከተማ ለጥቁር የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሲከፈት፣ እዚያ የሚሠሩ ጥቁር ሐኪሞችን በአእምሮ ሕክምና አሠለጠኑ። በተለይም ቂጥኝ አንጎልን ሲያጠቃ የሚያሳየውን ምልክት እንዲለዩ አስተማሯቸው። ይህ ሕመም በጊዜው ብዙ ጊዜ በስሕተት እንደ ሌላ እብደት ይቆጠር ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ፉለር የቦስተን ዩኒቨርሲቲን የነርቭ ሕክምና ክፍል በተግባር መሩ። የኃላፊነቱ ማዕረግ ግን አልተሰጣቸውም። በ1933 ከእርሳቸው በታች የነበረ ነጭ ረዳት ፕሮፌሰር ሙሉ ፕሮፌሰር ተደርጎ የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ፉለር ሥራቸውን ለቀቁ። በዩኒቨርሲቲው ያስተማሩት ከሠላሳ ዓመት በላይ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲው የክብር ጡረተኛ ፕሮፌሰር የሚለውን ስም ሰጣቸው።

ከዚያ በኋላም ሕሙማን ማየታቸውን አላቆሙም። ይሁን እንጂ የስኳር ሕመም ዓይናቸውን እያደከመው ሄደ፤ በ1944 ማየት ተሳናቸው። ዕድሜያቸውን በማይክሮስኮፕ በማየት ያሳለፉት ሰው የመጨረሻዎቹን ዓመታት በጨለማ አሳለፉ። ባለቤታቸው የቅርፃ ቅርፅ ሥራቸውን ወደ ጎን ብለው አስታመሟቸው። ጃንዋሪ 16 ቀን 1953 በ80 ዓመታቸው አረፉ።

ከብር ወደ መዳብ

ፉለር ትተውት ያለፉት ጥያቄ ግን አላረፈም። ፕላኩ መንስኤ ካልሆነ፣ ወይም ብቻውን መንስኤ ካልሆነ፣ ሴሎቹን የሚገድለው ምንድን ነው? ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ተመራማሪዎች ከተከተሏቸው መንገዶች አንዱ ወደ ሌላ ብረት ይመራል፤ ወደ መዳብ።

መዳብ አንጎልን ሊጎዳ እንደሚችል የሚያሳየው ማስረጃ የተጀመረው፣ እንደ አጋጣሚ፣ የፉለር ትልቁ ጽሑፍ በወጣበት በ1912 ነው። በዚያ ዓመት ሳሙኤል አሌክሳንደር ኪኒየር ዊልሰን የተባሉ በለንደን የሚሠሩ ሐኪም፣ ወጣቶችን የሚያንቀጠቅጥና ጉበታቸውን የሚያበላሽ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ገለጹ። ኋላ ላይ እንደታወቀው ሕመሙ የሚመጣው ሰውነት ትርፍ መዳብን ማስወገድ ሲያቅተው ነው። በ1956 ጆን ዋልሽ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም መዳብን ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣ መድኃኒት ለሕሙማን መስጠት ጀመሩ፤ ገዳዩ ሕመም ታካሚ ሆነ።

ይህ ማለት ግን መዳብ መርዝ ነው ማለት አይደለም። አዋቂ ሰው በየቀኑ አንድ ሚሊግራም ገደማ ያስፈልገዋል፤ ከጥራጥሬ፣ ከሰሊጥ፣ ከጉበትና ከመሳሰሉት ምግቦች ያገኘዋል። ሴል ከኦክስጅን ኃይል የሚያገኘው በመዳብ እገዛ ነው። ሰውነትን ከኦክስጅን ጉዳት ከሚጠብቁት ኢንዛይሞች አንዱም የሚሠራው መዳብ ይዞ ነው።

የመዳብ ጠባይ በሞያሌ ድንበር ሽልንግ ተቀብሎ ብር፣ ብር ተቀብሎ ሽልንግ እንደሚሰጥ ገንዘብ ለዋጭ ነው። መዳብ የሚቀበለውና የሚሰጠው ኤሌክትሮን ነው። በፕሮቲን ውስጥ በቦታው ተይዞ ሲሠራ ጠቃሚ ነው። ከቦታው ወጥቶ ያለ ተቆጣጣሪ ሲለዋወጥ ግን ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያበላሹ ቅንጣቶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል። እነዚህ ቅንጣቶች ሰውነት ሊያመክናቸው ከሚችለው በላይ ሲበዙ የሚፈጠረው ጉዳት በሕክምና ቋንቋ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል።

አንጎል ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ የሚሆነውን ይወስዳል። በቀላሉ የሚበላሽ ቅባትም በብዛት አለው። በ1998 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአልዛይመር ሕሙማን ፕላኮች ውስጥ መዳብ፣ ዚንክና አይረን ተከማችተው እንዳገኙ አሳተሙ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፕላኩ ዋና አካል የሆነው አሚሎይድ ቤታ የተባለ ፕሮቲን ከመዳብ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እንደሚፈጥር በቤተ ሙከራ ታየ። አልዛይመርና ፉለር በብር ያቀለሙት ክምችት በውስጡ የራሱን ብረቶች ይዞ ኖሯል።

እዚህም ላይ ግን ነገሩ ቀላል አልሆነም። በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ በጠቅላላው ያለው መዳብ ሲለካ ከጤነኞቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በአንፃሩ በአንዳንድ ሕሙማን ደም ውስጥ ከተሸካሚው ፕሮቲን ጋር ያልተያያዘ መዳብ ከፍ ብሎ ታይቷል። ችግሩ የመዳብ መብዛት ሳይሆን ከቦታው መውጣት ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ብረቶቹን ከፕላኩ ለማላቀቅ የታሰቡ መድኃኒቶች በጥቂት ሰዎች ላይ ሲሞከሩ ተስፋ ቢያሳዩም፣ በ2014 ይፋ የሆነው የአንደኛው ሙከራ ውጤት የታሰበውን ግብ አልመታም። ኦክሲዴሽንን ይከላከላሉ የተባሉ የቫይታሚን እንክብሎችም ሕመሙን ሲያስቀሩ አልታዩም። ስለዚህ አንድ ሰው በራሱ ውሳኔ ከምግቡ መዳብን ቢያስወግድ ወይም መዳብ አስወጋጅ መድኃኒት ቢወስድ ጉዳቱ ያመዝናል።

በ2023 አሜሪካ ያጸደቀችው ሌካነማብ የተባለው መድኃኒት ፕላኩን ከአንጎል ያጸዳል። የሕሙማኑ መዳከም ግን ዘገየ እንጂ አልቆመም። መዳቡና የኦክስጅኑ ጉዳት የሕመሙ መነሻ ናቸው ወይስ ሕመሙ ከጀመረ በኋላ የሚመጡ? ተመራማሪዎች ዛሬም የሚከራከሩበት ይህ ጥያቄ፣ ፉለር በ1912 ስለ ፕላኩ ካነሱት ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው።

ጃጅተዋል ከማለት በፊት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። አልዛይመር ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው ሲሆን፣ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት የለውም።

ነገር ግን የሚረሳ አዛውንት ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድባቴ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ፉለር ተማሪዎቻቸው እንዲለዩት ያስተማሩት የአንጎል ቂጥኝም ጭምር ትውስታን ያዳክማሉ። እነዚህ ሕክምና አላቸው። የደም ግፊትንና የስኳር ሕመምን መቆጣጠር፣ የመስማት ችግርን በጊዜ ማከም፣ ሲጋራን መተውና ከሰው ጋር መዋል ደግሞ ለመርሳት በሽታ የመጋለጥን ዕድል ይቀንሳሉ። ጃጅተዋል የሚለው ቃል ይህን ሁሉ በር አስቀድሞ ይዘጋል። በሩን ክፍት የሚያደርገው አዛውንቱን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ፉለር በሕይወት ሳሉ የተነፈጉትን ክብር ያገኙት ካረፉ በኋላ ነው። በቦስተን የሚገኝ የአእምሮ ጤና ማዕከል በስማቸው ተሰይሟል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በስማቸው የሚጠራ ሽልማት ይሰጣል። ጎረቤቶች እንዳይገቡባት ፊርማ ባሰባሰቡባት በፍሬሚንግሃም ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት የእርሳቸውንና የባለቤታቸውን የቤተሰብ ስም ይዞ ልጆችን ያስተምራል።